በተዋበች ደጃፍ የተኛው ዘንዶ

ሰው መናቅ አልወድም፣ ልጆቼ። ግን አንዳንድ ሰው አለ፣ አለመናቁ ራሱ ኃጢአት የሚሆን። ምንዋጋው እንደዚያ ያለ ሰው ነበር።

ነገሩ የሆነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምሕረት ነው። ምንዋጋው የሚኖረው ሰቆጣ ከተማ ነው። ከሰቆጣ እስከ እኛ መንደር የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ እሱ ግን ጫማው አቧራ እንዳይጠጣ ድንጋይ እየመረጠ ሲረግጥ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል። ከሩቅ የሚለየው በሁለት ነገር ነው፤ በቀኝ እጁ ጥቁር ቦርሳ፣ በግራው የቻይና ፔርሙዝ። ከፔርሙዙ ሻይ ሲቀዳ አይተን አናውቅም። ላዩ ላይ ግን ወርቅማ ዘንዶ ተጠምጥሞበታል፤ እግር ያለው፣ ጢም ያለው፣ ዐይኑ የፈጠጠ።

ሥራው ልጃገረዶችን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ቤሩት መላክ ነው። እሱ ራሱን «ወኪል» ይላል። እኛ ደላላ እንለዋለን፤ ያንንም የከብት ደላሎች እንዳይሰሙንና እንዳይቀየሙን ቀስ ብለን ነው። የከብት ደላላ የሚያሻሽጣትን ላም ጥርሷን ያያል፣ ጡቷን ይዳብሳል፣ ስንት እንደወለደች ይጠይቃል። ምንዋጋው የላካቸውን ልጆች ስም ሲጠራ እንኳ ይሳሳታል።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ከቅጥሩ ውጭ ወይራው ሥር ይጠብቀናል። ሰው ሲሰበሰብለት ፔርሙዙን ድንጋይ ላይ አቁሞ ማስተማር ይጀምራል። በቻይና አገር ዘንዶ ዝናብ ጎታች ነው፤ ንጉሡ በልብሱ ላይ ያስጠልፈዋል፤ ሥዕሉ ያለበት ቤት ሀብት አይለየውም። በፈረንጆቹ ዘንድ ወርቅ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። የቤሩቱ ዘንዶ ደግሞ ክፉ ነበር፣ ሰው በላ፤ ግን ሰማዕቱ ጊዮርጊስ በጦር ወግቶ ገድሎታል። ስለዚህ ቤሩት የጸዳ አገር ነው። ልጅን ወደዚያ መላክ፣ ዘንዶ ተገድሎ ወለሉ ወደታጠበ ቤት መላክ ነው። እንዲህ ነበር የሚለው።

እኛም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ዝናብ በሸሸው አገር የሚኖር ሰው ዝናብ የሚጎትት ዘንዶ ሲሰማ ጆሮው ይቆማል፤ አትፍረዱብን። የንስሐ አባታችን አባ ገብረ አምላክ ከሁላችን በላይ ይነቀንቁ ነበር። ምንዋጋው ከቤሩት መጣ ያለውን ነጭ ሹራብ ካለበሳቸው ወዲህ ዘንዶ ላይ የነበራቸው ጥላቻ ቀዝቅዟል። ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ ሲያወራ አንድ ሰው እንኳ «ታዲያ ቻይና መልካም የሆነው ቤሩት ለምን ተገደለ?» አላለውም። እኔም አላልኩትም። አፌን ከፍቼ ፔርሙዝ ሳይ ነበር።

አንዲት ሴት ብቻ አትነቀንቅም፤ ታይቱ። ልጇን አምሳለን ምንዋጋው ከወሰዳት አሥራ አራት ወር ሆኗል፤ ደብዳቤ የለም፣ ድምፅ የለም። ታይቱ እሱ በመጣ ቁጥር ከፊቱ ትቆምና ድምጿን ሰምተሃል ወይ ትለዋለች። እሱም በመጣ ቁጥር ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ «ደህና ናት እናቴ፣ ዘንዶው ሞቷል እኮ» ይላታል። ታይቱ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እኛ ደግሞ ወደ ፔርሙዙ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ተዋበች የሟች ወንድሜ የሀይሉ ሚስት ናት። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ጥሩሐረግ። ያን ጊዜ ጥሩሐረግ ሰቆጣ አሥረኛ ክፍል ነበረች፤ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ፣ ዓርብ መጥታ እሑድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ነርስ ልሁን የምትል ልጅ ናት። የቀሯት ሁለት ዓመት ናቸው። እናቷም እሷን የማስተማር አሳብ እንጂ የመላክ አሳብ በልቧ አልነበረም። ሕልም እስክታይ ድረስ።

በኛ ዘንድ ሕልም እንደ ፈቺው ነው። መጀመሪያ የሰማው ሰው እንደፈታው ይሆናል ይባላል። ስለዚህ ከባድ ሕልም ያየ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር፣ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ልቡ ቀና ወደሆነ ሰው ይሄዳል። ጽጽቃ ድረስ ክርስትና አባቱ ዘንድ ሕልሙን አፍኖ የሄደ ሰው አውቃለሁ፤ መንገድ ላይ የገዛ አማቱን ሰላም ሳይላት አልፎ አንድ ዓመት ተኳርፈዋል።

ተዋበችም ረቡዕ ጠዋት አፏን ሸፍና ወደኔ ትመጣ ነበር። ምንዋጋው ወንዙ ማዶ አገኛት። ወዴት ነሽ ቢላት ዝም አለች። ሕልም ነው አይደል አላት፤ ራሷን ነቀነቀች። እንግዲያው ለኔ ንገሪኝ፣ የሰባት አገር ሕልም አውቃለሁ ብሎ መንገዷን ዘጋ። ተዋበች ሰው ፊት «አልነግርህም» ማለት የማትችል ሴት ናት፤ ይህ ጠባይዋ ስንቴ ጎድቷታል። «ዘንዶ በራፌ ላይ ተኝቶ...» ብላ ስትጀምር እሱ እጁን አጨበጨበ። እልል በይ አላት። የቻይናው ዘንዶ ነው፣ ሀብት ደጅሽ መጥቶ ተኝቷል፤ ልጅሽ በዚያ በር ትወጣለች፣ ሀብቱ በዚያው በር ይገባል። የተፈታ ሕልም እንቢ ያሉት እንደሆነ ደግሞ ዞሮ ይነክሳል ብሎ ጨመረላት። ይህችን የጨመረው ለክፋቱ ነው።

ተዋበች እኔ ዘንድ ስትደርስ እያለቀሰች ነበር። ሕልሜ ተፈታብኝ አለችኝ። በማግስቱ የልጇን ጉርድ ፎቶግራፍና የቀበሌውን ደብዳቤ ለምንዋጋው ሰጠችው። መኪናው እሑድ ከሰቆጣ ወደ ወልድያ ይነሳል ተባለ።

ዓርብ ማታ ጥሩሐረግ መጥታ ይህን ሰማች። ጠዋት በቀጥታ ወደኔ መጣች። እኔ ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ፤ ማፈሬን ግን ይዤ ነው። የተፈታ ሕልም መመለስ ይከብዳል አልኳት። ሽማግሌ ነኝ፣ ባህሉን አውቃለሁ በሚል ኩራት ነው ያልኩት። ልጅቷ አየችኝና፣ «አያ ካሳ፣ እርስዎም?» አለችኝ። እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባችና ሚስቴን ለድግሱ ታግዛት ጀመር። ዕለቱ ጥር ሃያ ሦስት፣ የጊዮርጊስ ማኅበር ነው፤ ተረኛው እኔ ነበርኩ።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ማኅበርተኛው ሞላ። አባ ገብረ አምላክ ሹራባቸውን ለብሰው ጸሎቱን አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ምንዋጋው ማኅበርተኛ አይደለም፤ ማንም አልጠራውም። ግን መጣ፣ ከአባ ጎን መደብ ላይ ተቀመጠ፣ ቦርሳውን በእግሮቹ መካከል አደረገ። ታይቱ እንደ ልማዷ ተነሥታ ስለ አምሳለ ጠየቀችው። እሱም እንደ ልማዱ ዘንዶው ሞቷል አላት።

ጥሩሐረግ ጠላ እየቀዳች እሱ ዘንድ ደርሳ ነበር። ዋንጫውን ሞላችለትና አላለፈችም።

«ጋሽ ምንዋጋው፣ የቻይናው ዘንዶ መልካም ነው አይደል?»

«እጅግ መልካም እንጂ።»

«የቤሩቱስ?»

«እሱማ ክፉ ነበር። ባይሆንማ ሰማዕቱ ይገድለው ነበር?»

«እናቴ ያየችው የትኛውን ነው?»

«የቻይናውን ነዋ። ፈታሁላት እኮ።»

«በምን ለዩት?»

ምንዋጋው ጠላውን ጎንጨት አለ። ዘንዶ እንደየአገሩ ነው የሚፈታው፣ ይህ የተማረ ሰው ነገር ነው አላት።

«እሱን ነው የምጠይቅዎት» አለች ልጅቷ። «የተኛው በኛ በር ላይ ነው። በራችን የየት አገር ነው?»

ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ጠላ ትን ብሎት ሳለ፤ ሳሉ ሳቅ እንደነበር ሁሉም አውቋል። ምንዋጋው ፊቱን ወደ አባ አዞረ፤ በማኅበር መካከል ሴት ልጅ እንዲህ ትናገራለች ወይ አላቸው። አባ ዋንጫቸው ውስጥ የወደቀ ነገር ያለ ይመስል አቀርቅረው ይፈልጉ ጀመር።

ያኔ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት፤ ዘግይቼ። በኛ አገርማ ድሮ ዘንዶ ነግሦ ሕዝቡ በየዓመቱ ልጃገረድ ይገብርለት ነበር ነው የሚባለው አልኩ። በዋግ በር ላይ ለተኛ ዘንዶ የዋግ ፍቺ ይገባዋል። አንተ ፈቺው ነህና ፍታው አልኩት። ይህን ጊዜ ላብ አየሁበት። ልጃገረድ ሊበላ መጥቷል ቢል፣ ሊውጣት የመጣው ማን እንደሆነ ቤቱ በሙሉ እያየው ነው።

«እሱ ተረት ነው፣ አያ ካሳ» አለ።

«የቻይናውስ ወንጌል ነው?» አለችው ታይቱ ከተቀመጠችበት።

ሳቁ አሁን በሳል የሚሸፈን አልነበረም። ምንዋጋው ድምፁን ከፍ አደረገ። ተረቱም ቢሆን፣ ወንጌሉም ቢሆን፣ ሕልሙ አንዴ ተፈቷል፣ ተዋበችም እሺ ብላለች፣ ሕልም እንደ ፈቺው ነው ያለው ባህላችሁ ራሱ ነው አለ። ይህን ሲል የሽማግሌዎቹ ፊት ጨለመ፤ እውነቱን ነዋ። ባህሉን አንብቦት አያውቅም፣ አክብሮትም አያውቅም፤ ግን የት ቦታ እንደሚያንቅ አውቆታል። ጥሩሐረግም ጆጉን በሁለት እጇ ይዛ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። የመኪናው ጊዜ አንድ ቀን ነው የቀረው።

ወደ ተዋበች ዞርኩ። ከሁሉም ኋላ፣ ከምሰሶው ጥግ ተሸሽጋ ነበር። ለምን እንደጠየቅኋት እስካሁን አላውቅም። ዘንዶው እንዴት ነበር የተኛው፣ ራሱ ወደ ውስጥ ነበር ወይስ ወደ ውጭ አልኳት።

«እሱን እኮ አልነገርኩትም» አለች። «አላስጨረሰኝም።»

የሽማግሌዎቹ አንገት ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀና አለ። ልጆቼ፣ ሕልም እስከ መጨረሻው ሳይሰማ አይፈታም። ግማሹን ሰምቶ የፈታ፣ ግማሽ ቤት ክዳን እንዳለበሰ ነው፤ ዝናቡ የሚገባው በቀረው ነው። ሰባት አገር አውቃለሁ የሚለው ሰው ይህን አላወቀም። በእጁ የነበረውን ልጓም ችኩልነቱ አስጣለው።

ወዲያው ብድግ አለ። ጨርሺልኛ፣ እኔ ነኝ የጀመርኩት፣ እኔው እፈታዋለሁ እያለ ወደ ተዋበች ሄደ። ታይቱ ከመካከል ገባች። ቁመቷ እስከ ደረቱ ነው፤ ግን ቆመ።

«አንተ ተቀመጥ። እኔ ልስማት።»

ማንም አልመረጣት፤ ማንም ግን አልተቃወመም። ታይቱ ከተዋበች ፊት ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት። ለበጎ ያድርግልሽ አለቻት፣ እንደሚባለው። ተዋበች ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሣች።

ዘንዶው በራፏ ላይ ከወዲህ እስከ ወዲያ ተጋድሞ ነበር። ቆዳው ያብረቀርቃል፤ ማማሩስ ያምራል አለች። እሷ ከውስጥ ሆና መውጣት ፈርታ ቆማለች። ከዚያ ዶሮዎቿ መጡ፤ ቀይዋና ሁለቱ ገብስማዎች። መሸሽ ሲገባቸው ከጭራው ጀምረው እንደ ተበተነ ጤፍ ይለቅሙት ጀመር። አልተንቀሳቀሰም። ዐይኑን ሲለቅሙት እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

እዚህ ላይ ተዋበች አፈረችና ነጠላዋን ወደ አፏ መለሰች። ታይቱ እጇን ጫን አደረገቻት።

«ከዚያ ቀይዋ ራሱ ላይ ወጣች» አለች ተዋበች። «ወጥታም... ኩሷን ጣለችበት።»

ከዚያ ወዲህ ስንት ሠርግ በልቻለሁ፣ ስንት ዘፋኝ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ሳቅ ግን አልሰማሁም። አባ ገብረ አምላክ ሳይቀሩ በሹራባቸው እጅጌ ዐይናቸውን ጠረጉ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ምንዋጋው ነው። ሁለተኛዋ ታይቱ ናት፤ የተዋበችን እጅ እንደያዘች ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ዶሮ የለቀመው ዘንዶ ልጅ አይወስድም» አለች። «ተፈታልሽ።»

ሁላችን አሜን አልን። የአባ አሜን ከሁሉም ቀደመ፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አባ ሁልጊዜም ያውቃሉ።

ተዋበች ተነሥታ ምንዋጋው ፊት ቆመችና እጇን ዘረጋች። የልጄን ወረቀት ስጠኝ አለችው። በሕይወቷ ሙሉ «እንቢ» ስትል አላየኋትም፤ ያን ቀንም አላለችም፤ እጇን ብቻ ዘርግታ ቆመች። እሱ ወረቀቱ አዲስ አበባ ሄዷል አለ። በማን በኩል ቢሉት በፖስታ አለ። ሐሙስ የሰጡት ወረቀት ዓርብ ተልኮ ቅዳሜ አዲስ አበባ አይደርስም፣ ከሰቆጣ የሚነሣው ፖስታ ገና ሰኞ ነው አለች ጥሩሐረግ። ይህን ስትል ታይቱ ጎንበስ ብላ ቦርሳውን ከእግሮቹ መካከል ወሰደች። መንጠቅ አልነበረም፤ ልጅ የጣለውን ዕቃ እንደሚያነሡ ነው ያነሣችው። ከፈተችውና ዳቦ የተቆረሰበት ሰፌድ ላይ ገለበጠችው።

ጉርድ ፎቶግራፎች ፈሰሱ። አሥራ ሁለት ልጆች ናቸው፤ የአምደወርቅና የሰሃላ አገር ልጆች፣ የኛም መንደር። ሁሉም ፀጉራቸውን ተሠርተው ዐይናቸውን ገልጠዋል። ጥሩሐረግ የራሷን ገልብጣ አየችው። በጀርባው ስሟ አልተጻፈም፤ ሰባት ቁጥር ብቻ ነው። የሌሎቹም ቁጥር ብቻ ነው። ያን ጊዜ የሳቁ ሰዎች ፊት እንዴት እንደተለወጠ ባያችሁ። ፎቶውና ደብዳቤው ለተዋበች ተሰጣት፤ አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

ታይቱ ከፎቶዎቹ መካከል የልጇን ፈለገች። አንድ በአንድ እያነሣች አየች፤ የለም። ከዚያ ወደ ምንዋጋው ቀና ብላ ሦስት ነገር ጠየቀችው። አምሳለ ያለችበት ሰፈር ማን ይባላል? እመቤቷስ ስሟ ማን ነው? የቤቱ ስልክ ቁጥር ስንት ነው? እየጠየቀች ድምጿን ከፍ አላደረገችም። የቻይናን ንጉሥ የልብስ ጥልፍ የሚያውቅ ሰው፣ የፈረንጅ ዘንዶ ምን ላይ እንደሚተኛ የሚያውቅ ሰው፣ አንዱንም አልመለሰላትም። ቁጥሩ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ዘንድ እንደሆነ አጉረመረመ።

«እንግዲያው ቦርሳህ እኔ ዘንድ ይቆይ» አለችው። «ቁጥሩን ይዘህ ስትመጣ ትወስደዋለህ።»

ፎቶዎቹን መልሳ ከትታ ቦርሳውን በራሷ ላይ ተሸክማ ሄደች። ምንዋጋው ወደኛ ተመለከተ፤ አንድ ሰው አይዞህ ይለኛል ብሎ። እኔ ጠላ ላስጨምርልህ አልኩት። ሳይጠጣ ወጣ። በዚያን ቀን ድንጋይ አልመረጠም፤ በአቧራው መሐል ነው የሄደው።

ታይቱ ማንበብ አትችልም። ቁጥሩም ስሙም ምኗም አልነበረም፤ መልክ ግን ታነባለች። እሑድና ሰኞ፣ ማክሰኞም ጭምር፣ ያንን ቦርሳ ይዛ በየመንደሩ ዞረች፤ የሚያውቁትን በእጃቸው፣ የሩቆቹን በገበያተኛ እጅ አድርጋ አሥራ አንዱንም ፎቶ ለየእናቶቹ መለሰች። የመለሰችላቸው ምን እንደወሰኑ የየራሳቸው ነው። ከመካከላቸው በሌላ ደላላ የሄዱ አሉ፤ አልዋሻችሁም።

ምንዋጋው ሐሙስ ሰቆጣ ቴሌ በር ላይ ቁጥሩን በሲጋራ ወረቀት ጽፎ አመጣ። ታይቱ ጥሩሐረግን ከትምህርት ቤት በዕረፍት ሰዓት አስጠርታ ነበር። እኔም አብሬያት ወርጄያለሁ። ጥሩሐረግ ቁጥሩን ለሠራተኛው አነበበች፤ ብዙ ጠበቅን፤ ሁለቴ ተቋረጠ። በሦስተኛው ያነሣችው አምሳለ ነበረች። ታይቱ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ስትል ሰማኋት። አምሳለ በሕይወት አለች። በሩ ተቆልፎባት እንደምትኖር፣ የሥራ ጊዜዋ እስኪያልቅ ዘጠኝ ወር እንደቀራት፣ ያኔ እንደምትመጣ ነገረቻት። ታይቱ ከዚያ በኋላ ያንን ዘጠኝ ወር በጣቷ ስትቆጥር ነው የኖረችው።

ስንወጣ ምንዋጋው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ታይቱ ቦርሳውን ሰጠችው። ከፍቶ አየ፤ ባዶ ነው።

«ምን አለችዎት፣ እናቴ?» አለ።

ታይቱ አልተቆጣችም፣ አልረገመችውም። የተዘጋ ሱቅ አጠገብ እንደሚታለፍ አለፈችው። ጥሩሐረግን ግን ቆም ብላ ተመለከተቻትና ደብተሯ ላይ ያለውን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

«ሂጂ፣ ልጄ። ደወሉ ተደውሎ በር እንዳይዘጋብሽ።»

ልጅቷ እየሮጠች ሄደች።